ከማስነበብ በቀር ሥራ የሌለው ዕቃ

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ኢ-ሪደሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ መጀመሪያ የምጠየቀው «ይደውላል?» ተብዬ ነው። አይደውልም። «ካሜራውስ?» የለውም። «ቴሌግራም ግን ይከፍታል አይደል?» አይከፍትም። ይኼኔ ጠያቂው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው፣ ከንፈሩን መጠጥ ያደርግልኛል። «ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ገዛሽው የኔ ልጅ?»

ሊያስነብበኝ። ኢ-ሪደር የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። በቃ። ስልክ ካሜራውን፣ ሬዲዮኑን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ካልኩሌተሩን፣ አልፎ ተርፎም የባንክ ደብተራችንን ጠቅልሎ በዋጠበት ዘመን እንዲህ ያለ ባለ አንድ ሙያ ዕቃ እንዴት ተረፈ? ከዚህ በኋላስ ዕድሜ ይኖረዋል? ሰሞኑን ታናሽ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ደውሎ «አዲስ ልላክልሽ ወይስ ጊዜው አልፎበታል?» ካለኝ ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

«ኢ-ሪደር አበቃለት» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል። አብዛኛዎቹን ያነበብኳቸው እዚያው ኢ-ሪደሬ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ግን ከመሬት ተነሥተው አልፈረዱም። ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሮኬት ኢቡክ የሚባል መሣሪያ ገበያ ላይ ዋለ። ኩባንያውን ያቋቋሙት ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ ኋላ ቴስላን የመሠረቱት መሐንዲሶች ናቸው። (ከመጽሐፍ ወደ መኪና መዞራቸው ስለ መጽሐፍ ገበያ የሚናገረው ነገር ሳይኖር አይቀርም።) በ2004 ሶኒ ጃፓን ውስጥ ሊብሪዬ የተባለውን አወጣ፤ የኤሌክትሮኒክ ቀለም ስክሪን (አሠራሩን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ) ይዞ ለሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ኢ-ሪደር እሱ ነው። ከዚያ በኖቬምበር 2007 የኢንተርኔት ሱቁ አማዞን ኪንድል የተባለውን የራሱን ኢ-ሪደር በ399 ዶላር አቀረበ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሽጦ አለቀ። አራት ዓመት ሳይሞላ ርካሹ ኪንድል፣ ማስታወቂያ እያሳየም ቢሆን፣ ወደ 79 ዶላር ወረደ። በሜይ 2011 አማዞን ለ100 የወረቀት መጽሐፍ 105 የኪንድል መጽሐፍ እየሸጥኩ ነው ብሎ አወጀ። ያን ሰሞን የወረቀት መጽሐፍን ተዝካር ያላወጣ ጋዜጠኛ አልነበረም።

ተዝካሩ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቤት ዞረ። አይፓድ በ2010 መጥቶ ነበር፤ የስልኮችም ስክሪን በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ። አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ባወጣው ግምት ለገበያ የቀረበው ኢ-ሪደር በ2011 ወደ 23 ሚሊዮን ደርሶ በዓመቱ ቁልቁል ወረደ። ሶኒ በ2014 ገበያውን ለቆ ወጣ። የእንግሊዙ የመጻሕፍት መደብር ዋተርስቶንስ በ2015 ገዢ ጠፋ ብሎ ኪንድልን ከመደርደሪያው አነሣና ቦታውን ለወረቀት መጽሐፍ መለሰ። ቻይና ውስጥ የነበረው የኪንድል መደብር ደግሞ በጁን 2023 ተዘጋ። ይኼን ሁሉ ደርድሮ ያየ ሰው «አበቃለት» ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን ሰውን ያሳሳተው ያ የ2011 ቁጥር ነው ባይ ነኝ። ያኔ ከተገዙት ውስጥ ብዙዎቹ የገና ስጦታ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሁለት ምዕራፍ ተነቦባቸው መሳቢያ ገብተዋል። አይፓድና ስልክ የወሰዱት መጀመሪያውንም አንባቢ ያልነበረውን ሰው ነው። የቀረው የምር አንባቢ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን መጽሐፍ ይገዛል። ሻጮቹም ይኼን አውቀው ነው መሰለኝ በኤፕሪል 2024 ኮቦ የተባለው የኢ-ሪደር አምራች ባለ ቀለም ኢ-ሪደሮቹን አወጣ፤ አማዞን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ባለ 110 ዶላሩን ተራ ኪንድል አድሶ፣ ባለ 280 ዶላሩን ባለ ቀለም ጨመረበት። ለሬሳ እንዲህ ያለ ልብስ አይሰፋም።

ደግሞ ዕቃው ቶሎ አያልቅም። የኔ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ማብሪያው ካልተደቆሰ አይሰማም፣ ስልክ ስቀያይር እሱ ግን አብሮኝ ከርሟል። አዲሱ ሞዴል ከእሱ በምን እንደሚበልጥ ሳነብ ትንሽ ፍጥነት፣ ትንሽ ብርሃን፣ ትንሽ ቅጥነት ነው። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ «ሽያጭ ወረደ» ማለትና «የሚያነብበት ሰው ቀነሰ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሻጭ ባለፈው ዓመት የገዛው ሰው ዘንድሮም እንዲመለስለት ይፈልጋል፤ ኢ-ሪደር ያለው ሰው ግን ምን ጎድሎበት ይመለሳል?

ስክሪኑን መጀመሪያ ያየ ሰው የሚለውን ሰምቼ አልጠግብም። የጎረቤት ልጅ ወረቀት የተለጠፈበት መስሎት በጥፍሩ ሊልጠው ሞክሯል። አልፈረድኩበትም። ይኼ የኤሌክትሮኒክ ቀለም የተፀነሰው ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ኢ ኢንክ የሚባለው ኩባንያ በ1997 ተቋቋመ፣ በ2009 የታይዋን ኩባንያ ገዛው። በስክሪኑ ውስጥ ውፍረታቸው የፀጉር ዘለላን የሚያክል እጅግ ብዙ እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ በጠራ ፈሳሽ የሚዋኙ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ፤ አንደኛው ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ኔጋቲቭ ነው። ከሥር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ነጩ ወደ ላይ ይወጣል ወይም ጥቁሩ ይወጣል፤ ከእነሱ ፊደል ይሠራል። ቁም ነገሩ ከወጡ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እዚያው መቅረታቸው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። መብራት ሄዶ በሚያድርበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይኼ ቅንጦት አይደለም። ስክሪኑ እንደ ወረቀት ከውጭ የመጣውን ብርሃን መልሶ ስለሚያሳይም የቀትር ፀሐይ ላይ ይብሱን ያምራል፤ ስልክ በእጅ መዳፍ ተከልሎ በሚነበብበት ሰዓት ማለቴ ነው። ከ2012 ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ በጠርዛቸው ትናንሽ መብራት አላቸው፤ እሱም የሚያበራው ወደ ገጹ እንጂ ወደ ዓይን አይደለም።

ቅንጣቶቹ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋኙ ግን ቀርፋፋ ናቸው። ገጽ ሲገለጥ ስክሪኑ አንዴ ይጨልማል፣ ያለፈው ገጽ ጥላው ትንሽ ይቀራል። ቪዲዮ በወጉ አያሳይም። «አይፈጥንም» ብሎ የሚያማርርበት ሰው ሲያጋጥመኝ ምጣዱ ወጥ አልሠራ አለኝ የሚል ሰው ትዝ ይለኛል። ምጣድ እንጀራ ይጋግራል፤ ስለ ወደፊት ዕጣው ማንም ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም። ኢ-ሪደርን ከቲክቶክ የጠበቀው የአምራቾቹ ጥበብ አይመስለኝም፤ የቅንጣቶቹ ስንፍና ነው። ይኼ ስንፍና እስካለ ድረስ ዕቃው ይኖራል ብዬ አምናለሁ። የሚያሰጋኝ አምራቾቹ ስንፍናውን ለማዳን መታገላቸው ነው። አሁን አንድሮይድ የተጫነባቸው፣ ማንኛውንም አፕ የሚያስገቡ፣ ዩቲዩብ ሳይቀር እየተንቀጠቀጡ የሚያሳዩ ኢ-ሪደሮች አሉ። ያንን ለሚፈልግ ሰው ስልኩ አለለት፤ ያውም ይሻለዋል።

ባለ ቀለሙንም አይቼዋለሁ። ቀለሙ የሚመጣው ከስክሪኑ ላይ በተደረበ ማጣሪያ ስለሆነ ገጹ ጠቆር ይላል። ጥቁርና ነጩ በኢንች 300 ነጥብ ሲሆን ቀለሙ 150 ብቻ ነው፤ የሥዕል መጽሐፍ ስከፍትበት ደጋግሞ የታጠበ ልብስ መሰለኝ። ለልጆች መጽሐፍ ጥሩ ይሆናል። ለልብ ወለድ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም፤ ሽፋኑን ለማየት ካልሆነ።

ስለ ስክሪኑ ፋብሪካ ግን ስጋት አይግባን። ሱፐርማርኬቶች ከወረቀት የዋጋ ካርድ ወደ ዲጂታል እየዞሩ ነው፤ ያ ትንሽ ካርድ ላይ በብዛት የሚሠራው ይኸው ኤሌክትሮኒክ ቀለም ነው። የአሜሪካው የመደብሮች ኩባንያ ዋልማርት ብቻ በ2024 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2026 ድረስ በ2,300 መደብሮቹ ውስጥ ዲጂታል የዋጋ ካርድ እንደሚያስገባ ገልጿል። የቲማቲም ዋጋ የልብ ወለድ አንባቢን ስክሪን በሕይወት ያቆያል ብሎ ማን አስቦ!

ስልክ ላይም አነባለሁ፤ አልዋሽም። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ባንክ ወረፋ ስጠብቅ፣ ስልክ ነው ያለኝ። ግን ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ልብ ወለድ ሳስብ የማስታውሰው በተቆራረጠ ሁኔታ ነው። ጀግናው ሊሞት አንድ አንቀጽ ሲቀረው ባንኩ ስንት ብር እንደተቆረጠብኝ ይነግረኛል፤ አንዲት ዘመዴ የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ይዘንባል። መልሼ ስገባ ጀግናው ሞቶ ተቀብሯል። በነገራችን ላይ በ2014 ቦስተን ውስጥ የተደረገ ጥናት ከመኝታ በፊት ብርሃን በሚያወጣ መሣሪያ ያነበቡ ሰዎች የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡት ዘግይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቶ፣ ጋዜጣው ሁሉ «ኢ-ሪደር እንቅልፍ ይነሣል» ብሎ ጻፈ። ተጠኚዎቹ የያዙት አይፓድ ነበር። ድሃ አደጉ ኢ-ሪደር በሌላው ጥፋት ስሙ ጠፋ።

በቁጥር ስልክ እንዳሸነፈ ግን መካድ አይቻልም። ወርልድሪደር የሚባለው በጎ አድራጊ ድርጅት በ2010 ጋና ውስጥ ለተማሪዎች ኪንድል በማደል ነበር የጀመረው፤ ቆይቶ ወደ ስልክ ዞረ፣ ምክንያቱም ስልኩ ማንም ሳያድለው በየቤቱ ገብቷል። እኛም ዘንድ ያው ነው። ከጁላይ 2024 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ገበያው ከተለቀቀ በኋላ 100 ብርን አልፎ ሄዷል፤ ባለ 110 ዶላር ዕቃ ከማንበብ ውጪ ሥራ ሳይኖረው ለአንድ አስተማሪ ደመወዝ ምን እንደሚያክል ማስላት አያስፈልግም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋቸው ኢ-ሪደሮች ሁሉ የመጡት በዘመድ ሻንጣ ነው። ብራንዳቸውም ምንም ሆነ ምን ኪንድል ነው የሚባሉት።

ከስልኩ ይልቅ የሚያስፈራኝ መደብሩ ነው። ጄፍ ቤዞስ በ2012 ኪንድልን የምንሸጠው በወጪው ነው፣ ከዕቃው አናተርፍም ብሎ ተናግሯል። ትርፉ ያለው መጽሐፉ ላይ ነዋ! ሰው ኢ-ሪደር ገዛሁ ሲል የአንድ ሱቅ በር ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነው። በጁላይ 2009 አማዞን የማሳተም መብት በሌለው ነጋዴ በኩል የተሸጡ ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎች መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። አንደኛው፣ ቀልድ አይደለም፣ 1984 ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ቤዞስም ይቅርታ ጠየቀ። በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-ቡክ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት አብረው ጠፉ፤ እዚያም ገንዘቡ ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ አማዞን የገዙትን መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በኬብል ወደ ኪንድል ማስገባትን አስቀረ። ገንዘብ መመለስ ሌላ፣ የሰው መደርደሪያ ውስጥ እጅ መስደድ ሌላ። የወረቀት መጽሐፍ አውሼ ያልተመለሰልኝ ብዙ ነው፣ ግን ቢያንስ ያስቀረብኝን ሰው አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሳገኘው ያፍራል።

ደግነቱ ሁሉም በር አልተዘጋም። ኮቪድ ጎያል የሚባል የሕንድ ተወላጅ ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው ካሊበር የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ መጽሐፍን ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላው ይለውጣል፣ መደርደሪያውን በራስ ኮምፒውተር ላይ ያኖራል። ኮቦ በ2024 አይፊክስኢት ከሚባለው የጥገና ኩባንያ ጋር ተስማምቶ የመለዋወጫ ዕቃና የጥገና መመሪያ ማቅረብ ጀምሯል። ባትሪው የሚቀየር ኢ-ሪደር! የእኛ አገር ጠጋኝ ይኼን ቢሰማ «ድሮስ አይቀየርም ነበር እንዴ?» ነው የሚለው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። መጀመሪያ እጄ የገባው መሣሪያ ላይ የአማርኛ ፋይል ስከፍት ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሣጥን ደረደረልኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ኮምፒውተሩም ስልኩም ቀስ በቀስ ፎንቱን ይዘው መጡ፣ ኢ-ሪደር ግን ወደ ኋላ ቀረ። አሁን ኮቦም ሆነ፣ ከ2018 ወዲህ፣ ኪንድል የራስን ፎንት ማስገባት ይፈቅዳሉ። አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ፎልደሩ ውስጥ መጣል ብቻ ነው። የሀሁ ወፍራምና ቀጭን መስመር በዚያ ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚወጣ ያላየ ሰው ይቅርበት አልልም፤ ይይ።

ፎንቱ ሲገኝ ደግሞ የሚከፈት ነገር ጠፋ። አማዞን ራሳቸው ከሚያሳትሙ ደራሲያን መጽሐፍ የሚቀበልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ቢኖርም እዚህ ያለ አንባቢ በብር መክፈል አይችልም። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀው መደብር ቴሌግራም ነው፤ «ሶፍት ኮፒው አለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታ እስኪመስል ድረስ። እዚያ ያለው ፒዲኤፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገጹ በስልክ ወይም በስካነር ፎቶ የተነሣ፣ ጣት ሳይቀር የሚታይበት ነው። የመጽሐፉ ገጽ ኤ5 ከሆነ 15 በ21 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የባለ 6 ኢንቹ ስክሪን 9 በ12 ነው። ፊደሉ ጉንዳን ይሆናል። ኬቱፒዲኤፍኦፕት የሚባል ፕሮግራም መስመሮቹን በምስልነታቸው እየቆራረጠ ለትንሽ ስክሪን መልሶ ይደረድራቸዋል፤ ጥራቱ ደህና በሆነ ስካን ላይ ሸጋ ሥራ ይሠራል፣ በጠመመው ላይ ግን ቃላቱን ያተራምሳቸዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ይብስ ያናድዳል፤ ምክንያቱም ሲታይ ንጹሕ ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት የኅትመት ሥራችንን የተሸከሙ ባለውለታዎች ናቸው። የቀድሞ አሠራራቸው ግን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ነው። ፎንቱን ያነሡት እንደሆነ አስማት የሚመስል ነገር ይቀራል። ብዙ መጻሕፍታችን የተተየቡት እንዲህ ነው። ታዲያ የኢ-ሪደር ትልቁ ችሎታ ምንድን ነው? ፊደሉን እንደ አንባቢው ዓይን አተልቆ መስመሩን እንደገና መደርደር፣ ቃል መፈለግ፣ መዝገበ ቃላት መክፈት። እነዚያ ፋይሎች አንዱንም አይችሉም። አክስቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በትልቅ ፊደል የታተመ አማርኛ ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያሉትን ሱቆች አዳርሳለች፤ መሣሪያው እጄ ላይ እያለ ልረዳት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

አሳታሚዎቹን ትክክለኛ ፋይል ለምን አትሸጡም ብትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። እውነታቸውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣበት ከ1996 ዓ.ም. (ይኼኛው በእኛ ነው) ጀምሮ ሕጉ አለ፤ ቴሌግራም ላይ ግን ሕጉን የሚያስታውስ የለም። ብዙው ደራሲ ደግሞ የማሳተሚያውን የሚከፍለው ከኪሱ ወይም ተበድሮ ነው። የወረቀት ዋጋ እየናረ፣ የታተመው ትንሽ፣ አዟሪው ደረቱ ላይ ደርድሮ ብሔራዊ አካባቢ ሲዞር የሚውለው ያው ጥቂት ርዕስ። እንዲህ ያለ ሰው የመጨረሻ ተስፋውን በፋይል አድርጎ ስጥ ሲሉት ቢሸሽ አልገረምም። የምከራከረው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ፋይል አልሸጥም ያለውም መጽሐፍ ተለቋል። ሌባው ስካነር አለው፤ ገንዘብ ይዞ የመጣው አንባቢ ነው በር የተዘጋበት።

ያ አንባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው ያለው። ወንድሜ ከዚህ ሰው በሄደ ቁጥር የመጽሐፍ ዝርዝር ይልካል፤ ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ በርበሬና ሽሮ አለ፣ እናቴም መጽሐፍ ሲመዘን አትወድም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላለ፣ አምስት ደቂቃ ሳያስብ ባለ 160 ዶላር ኢ-ሪደር መግዛት ለሚችል፣ አማርኛ ልቦለድ ለተራበ ሰው የምንሸጠው አንድ ንጹሕ ፋይል አጥተን የሽሮ ኪሎ እንቀንሳለን። ለጆሮ ተሽለናል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ከተረከበት ጊዜ አንሥቶ መጽሐፍ በድምፅ መስማት እናውቅበታለን፤ ዛሬም ተራኪን የመሰሉ አፖች ያንኑ ጆሮ ይዘው ነው የተነሡት። ለዓይን ነው ያልተዘጋጀነው።

ለወንድሜ «ላከው» አልኩት። ቀለም አልፈልግም፣ አንድሮይድ አልፈልግም። የራሴን ፎንት ይቀበል፣ የራሴን ፋይል ያለ ምንም መደብር በኬብል ይክፈት፣ ባትሪውን የሚፈታ ሰው ይገኝለት። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ለራሱ ያስቀረው፤ ጠርዙ የተሰነጠቀው ገና ይሠራል።

እስከዚያው በተሰነጠቀው ላይ አንድ ሥራ ይዣለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ድሮ ያሳተሟቸው አጫጭር ታሪኮች ነበሯቸው፣ መጽሐፉ አልቆ ዳግመኛ ለማሳተም አቅም አጡ። ፋይሉ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የተተየበ ነውና ስከፍተው ያው የላቲን አስማት ነው። ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳለፍኩት፤ አብዛኛው ተስተካከለ፣ አንዳንዱ ፊደል ግን ያለ ቤቱ ገባ። ማታ ማታ እሳቸው የታተመውን ይዘው፣ እኔ ላፕቶፑን ይዤ፣ መስመር በመስመር አመሳከርነው። ሲጂል በሚባል ነጻ ፕሮግራም ኢፐብ (የኢ-ሪደር መጽሐፍ ፋይል) አድርጌ ኢ-ሪደሩ ላይ ጫንኩና ሰጠኋቸው። ፊደሉን አተለቁ፤ እንደገና አተለቁ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ምስጋና ጠብቄ ነበር። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፈሽብኛል» አሉኝ። መምህር ናቸው።

ያው ፋይል ስልክ ላይም ይከፈታል፤ ለአዲስ አበባው በቴሌብር፣ ለውጭው በወንድሜ በኩል ልንሸጠው አስበናል። ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም፤ እሳቸው ከአንድ ማኪያቶ መብለጥ የለበትም ይላሉ፣ እኔ ከአንድ ማኪያቶ ማነስ የለበትም እላለሁ።

ትናንት ግን አንድ ነገር አሳሰባቸው።

«ልጄ፣ ቴሌግራም ላይ ቢለቁብኝስ?»

«መልቀቃቸው አይቀርም ጋሼ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ያችን ፀሐይ ቶሎ አስተካክያት» አሉኝ።